26 ደቂቃ መሬት ላይ

ያኔ አሜሪካ ውስጥ አንድ የጄት ሞተር ሠሪ ጋ ነበርኩ፤ ሥራችን ኮምበስተር፣ ነዳጁ የሚነድበት የሞተሩ ክፍል። ኖክስ፣ አየር የሚበክሉትን የናይትሮጅን ኦክሳይዶች፣ ቀንሱ ተብለናል። ኖክስ የሚበዛው ነበልባሉ ከመጠን በላይ ሲግል ነው። ስለዚህ አየሩን አብዝተን፣ ነዳጁን ቀድመን ደባልቀን እሳቱን ቀዝቀዝ እናደርጋለን። በመነሻ ጉልበት፣ በ100 ፐርሰንት ስንሞክረው ኖክሱ ወረደ። አለቃችን ፊቱ በራ።

ጉዱ ያለው 7 ፐርሰንት ጉልበት ላይ ነው። እንዲህ የሳሳ እሳት ሞተሩ ዝቅ ሲል ልጥፋ ልጥፋ ይላል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ አሻቀበ፤ ነዳጁም ሳይቃጠል መውጣት ጀመረ። ከመሣሪያው ቀድሞ የነገረኝ የሙከራ ክፍሉ ቴክኒሻን ነው፤ ጋሼ የምለው ያገሬ ሰው። ከውጭ ገባና፣ «አንተ ልጅ፣ ግቢው እኮ ላምባ ላምባ ይሸታል» አለኝ።

ስብሰባ ላይ አነሳሁት። አለቃዬ የ100 ፐርሰንቱን ግራፍ እንደ ሠርግ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ቀና ብሎም አላየኝ።

«አውሮፕላን የሚገዛው ለመብረር ነው፤ መሬት ላይ ለመንፏቀቅ አይደለም።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ፈገግ ብያለሁ፤ አባባሉ አይከፋም።

ከዚያ የአይካኦን፣ የዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ሰንጠረዥ አወጣሁ። ለሞተር ፈቃድ ብክለቱ ሲሰላ መነሳት በ100 ፐርሰንት 0.7 ደቂቃ ነው። ሽቅብ መውጣት በ85 ፐርሰንት 2.2፣ ለማረፍ መቅረብ በ30 ፐርሰንት 4 ደቂቃ። «ታክሲ፣ መሬት ላይ መንዳቱ፣ በ7 ፐርሰንትስ?» አለኝ አንዱ።

«26 ደቂቃ።»

ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። እንዲህ ያለ ቁጥር ሁልጊዜ እጅ አይገባም።

አለቃዬ ወረቀቱን ሳበው። አነበበው። ገልብጦ ጀርባውንም አየ። «ማነው 26 ደቂቃ ታክሲ የሚያደርገው?»

እውነት ለመናገር ጥያቄው ልክ ነው። ብዙ ኤርፖርት ያን ያህል አይፈጅም። ስሌቱም የሚቆመው 3,000 ጫማ ላይ ነው፤ አውሮፕላኑ ከዚያ በላይ ለሰዓታት የሚተፋው ኖክስ ሰንጠረዡ ውስጥ የለም። ስለ አውሮፕላኑ ልክ የነበረው እሱ ነው፤ እኔ ልክ የነበርኩት ስለ ወረቀቱ። ፈቃድ የሚገኘው ግን በወረቀቱ ነው። ይህን እዚያው አልተናገርኩም። ምን አስቸኮለኝ?

መፍትሔው የታወቀ ነው። መሃል ላይ ፓይለት የሚባል አነስ ያለ ነበልባል ታስቀምጣለህ። ጉልበት ሲቀንስ ነዳጁ ወደ እሱ ብቻ ይሄዳል፤ ጉልበት ሲጨምር ዋናው ይከፈታል። ድሪምላይነር ላይ የሚገጠመው ጂኢኤንኤክስ ሞተርም የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። እኛም ነዳጁን ወደ ፓይለቱ ስናዞረው ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወረደ።

ከወራት በኋላ እንግዶች መጡ። አለቃዬ ስላይዱን ከፈተ፤ «26 ደቂቃ» ይላል፣ በትልቁ። «ገና ከጅምሩ ትኩረታችን እዚህ ላይ ነበር» አለ። ጋሼ ከኋላ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

እንግዶቹ ሲወጡ አለቃዬ ጠራኝ። ፓይለቱ ብቻውን ሲነድ 30 ፐርሰንት ላይ ኖክሱ መልሶ ወጥቶ ነበር። ያው ሰንጠረዥ በእጁ ነው፤ በቀይ አስምሮበታል።

«ይሄ ለማረፍ መቅረቡስ?» አለኝ። «4 ደቂቃ አለው እኮ።»