ከባንኮኒው ጀርባ ሳልጠጣ የቆምኩባቸው 8 ወራት

ባር ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ 9 ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጠጥ ካቆምኩ ደግሞ 8 ወር። ሥራውን አልለቀቅኩም። "ሥራ ካልቀየርክ አይሆንልህም" ያሉኝ ብዙ ናቸው። ለአንዳንዱ ሰው እውነት ነው፤ ለቀው የዳኑ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግን ሙያዬን እወደዋለሁ፣ ቤተሰቤንም የማስተዳድረው በእሱ ነው። እንደኔ ባር ውስጥ፣ ወይም ደንበኛ እያጠጡ በሚሸጡበት ሥራ ላይ ሆናችሁ ለማቆም ለምትታገሉ፣ ከማስታወሻ ደብተሬ የሚጠቅማችሁን መርጬ ላካፍላችሁ።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር መቁጠር ነው። ለአንድ ሳምንት የጠጣሁትን ሁሉ ኪሴ ውስጥ ባለች ወረቀት ላይ ጻፍኩ። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ያህል አልኮል አለው። 45 ሚሊ ሊትር የ40 በመቶ መጠጥ 14 ግራም ገደማ። ቅዳሜ ሌሊት ስደምረው ከደንበኛ ጋር 6 መለኪያ፣ ከተዘጋ በኋላ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር 3 ቢራ። 120 ግራም አለፈ። ጉበት በሰዓት የሚያጣራው በአማካይ ከ7 እስከ 10 ግራም ነው። ብዙውን የጠጣሁት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለነበር፣ እሁድ ጠዋት ልጄን መኪና ውስጥ አስገብቼ ስወጣ አልኮሉ ገና ደሜ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ወረቀቷን አጥፌ ብዙ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ይህን በደንብ ስሙኝ። በየቀኑ ብዙ የምትጠጡ ከሆነ ብቻችሁን በአንዴ አታቁሙ። አንጎል አልኮሉን ለምዶ ራሱን አስተካክሎ ስለሚሠራ፣ መጠጡ ድንገት ሲቋረጥ ይደነብራል። እጅ መንቀጥቀጡና ላቡ የመጨረሻው መጠጥ ከተጠጣ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። አንዳንዱን ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጥሎ ያንቀጠቅጠዋል። ከባዱ የመደናገርና የቅዠት ሁኔታ ብዙ ጊዜ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይመጣል፣ ካልታከመም ይገድላል። የእኔ እጅ ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ሐኪሟ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በመድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 እየተከታተለች አሳለፈችኝ። ከሥራ 6 ቀን ፈቃድ ወሰድኩ።

ስለ መድኃኒትም ተነጋገርን። ዳይሰልፊራም የሚባለውን ሥራዬን ስትሰማ ተወችው። እሱን የሚወስድ ሰው ትንሽ አልኮል እንኳ ከቀመሰ ፊቱ ይቀላል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። ቀኑን ሙሉ መጠጥ ለሚነካ ሰው አይሆንም አለችኝ። ናልትሬክሶን አዘዘችልኝ። መጠጡ አንጎል ላይ የሚሰጠውን ደስታ ያደበዝዛል። ኦፒዮይድ የሆነ፣ እንደ ሞርፊን ያለ የህመም ማስታገሻ ለሚወስድ ሰው ስለማይሆን ይህም በሐኪም እጅ ብቻ ነው።

ሳምንት 2

ወደ ሥራ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ፈተና ያልጠበቅኩት ቦታ ላይ ጠበቀኝ። ደንበኛ አልነበረም፣ ቅምሻ ነበር።

ኮክቴል ከመውጣቱ በፊት በስትሮው ጫፍ ጠብታ አንስቶ መቅመስ የሙያው ደንብ ነው። እኔም ስትሮውን ሼከሩ (መበጥበጫው ዕቃ) ውስጥ ነክሬ፣ ላዩን በጣቴ ዘግቼ፣ ምላሴ ላይ ጣል አደረግኩ። አፌ ውሃ ሞላ። ለቀጣዩ ግማሽ ሰዓት ከዚያ ጠብታ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ያን ሌሊት መላ ፈለግኩ። ኮክቴሉን ሚዛን የሚያሳጣው አብዛኛውን ጊዜ ሎሚው ነው፤ አንዱ ሎሚ ይኮመጥጣል፣ ሌላው ይለዝባል። አልኮሉ ግን ከጠርሙስ ጠርሙስ አይለወጥም። ስለዚህ አሁን 30 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂና 20 ሚሊ ሊትር ሽሮፑን መጀመሪያ ለብቻ አዋህጄ እሱን እቀምሳለሁ። ሲስማማኝ 60 ሚሊ ሊትሩን መጠጥ ለክቼ እጨምራለሁ፣ ከዚያ በኋላ አፌ አይነካውም። አዲስ ነገር ስፈጥር የሥራ ባልደረባዬ ይቀምስልኛል። እውነቱን ለመናገር እጄ ከበፊቱ የተሻለ ሆኗል፣ ምክንያቱም በግምት መቅዳት ትቻለሁ።

ሶዳ ላይ ጥቂት ጠብታ ቢተርስ፣ ማለትም መራራውን የኮክቴል ማጣፈጫ፣ ጣል አድርጎ መጠጣት ለማይጠጣ ባርቴንደር የተለመደ ነው። ጠርሙሱን አንብቡት፤ ብዙው ቢተርስ ከ35 እስከ 45 በመቶ አልኮል አለው። ጠብታው ራሱ ትንሽ ነው፣ ጣዕሙ ግን ለእኔ በር ይከፍታል። ትቼዋለሁ። አልኮል አልባ የሚባለው ቢራም በብዙ ቦታ እስከ 0.5 በመቶ ሊኖረው ይችላል። የጠቀማቸው ሰዎች አውቃለሁ፣ እኔን ግን ሽታው ይረብሸኛል።

ሳምንት 4

"ለራስህም አንድ ቅዳ፣ እኔ ጋብዤሃለሁ።"

ይህችን በአንድ ሌሊት ስንቴ እንደምሰማ የሙያ ጓደኞቼ ታውቃላችሁ። ለዓመታት ሲያጠጣኝ የኖረው ይሉኝታ ነው። ሰው ፊት መንሳት አልወድም። መጀመሪያ ላይ ምክንያት እደረድር ነበር። መድኃኒት ላይ ነኝ፣ ጨጓራዬ ነው፣ ነገ በጠዋት እነሳለሁ። ለእያንዳንዱ ምክንያት መልስ አላቸው። "አንዷ ምን ታደርግሃለች?" ይላሉ። ማብራራት በጀመርኩ ቁጥር ክርክር ውስጥ እገባለሁ።

አሁን ሥራ ስጀምር አጭሯን ብርጭቆ በሶዳ፣ በበረዶና በሎሚ ሞልቼ ቀኝ እጄ አጠገብ አስቀምጣለሁ። ሲጋብዙኝ አነሳትና "አመሰግናለሁ፣ ይዣለሁ" እላለሁ። ብርጭቆ እናጋጫለን። ከዚህ አልፎ የሚጠይቅ ከአስር አንድ ቢሆን ነው። ሰው የሚፈልገው አብሮት የሚሆን ሰው ነው፤ ብርጭቆዬ ውስጥ ያለውን የሚያይ የለም።

ሻይ ቀድተው እንደ ውስኪ የሚያስከፍሉ አሉ። እኔ አላደርገውም፣ የደንበኛ ገንዘብ ነው። ማናጀሩን አናግሬው የጋበዙኝ በሶዳ ዋጋ እንዲመዘገብ ተስማማን። መጀመሪያ ሽያጭ ይቀንሳል ብሎ ፈርቶ ነበር። ሂሳቡን በወሩ መጨረሻ ሲያየው ዝም አለ።

አንድ ሰው ብቻ እውነቱን መስማት ነበረበት። 5 ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ አብረን አንድ መለኪያ የምናነሳ ትልቅ ሰው ናቸው። ጠርሙሱን ስከፍት ሁለተኛውን ብርጭቆ ራሳቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "ጋሼ፣ እኔ አቁሜያለሁ" አልኳቸው። "አብሬዎት ግን እቆማለሁ።" ብርጭቆውን ለአፍታ አዩት። መልሰው ወደ መደርደሪያው ጠጋ አደረጉትና "በል ሶዳህን ይዘህ ና" አሉኝ። ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ቀን 61

ጠጣሁ። ሁለት ቢራ።

አንድ ባልደረባችን ሥራ ለቅቆ የስንብት ምሽት ነበር። ተዘግቷል፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፣ ሙዚቃው ዝቅ ብሏል። ከሰዓት ጀምሮ ምግብ አልቀመስኩም፣ እግሬ ዝሏል፣ ከአንድ ደንበኛ ጋር ተጣልቼ ሆዴ አሯል። ማንም አላስገደደኝም። አንዱ ከፍቶ ሰጠኝ፣ ተቀበልኩ።

ጠዋት ለሚስቴ ነገርኳት። ከዚያ ለሐኪሟ ደወልኩ። "ያቆምካቸው 60 ቀናት የትም አልሄዱም፣ ዛሬ ማታ ምን ታደርጋለህ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመግባቴ በፊትና ከመውጣቴ በፊት ራሴን አራት ነገር እጠይቃለሁ። ርቦኛል? ተናድጃለሁ? ብቸኝነት ተሰምቶኛል? ደክሞኛል? ሁለቱ አዎ ከሆኑ የዚያን ቀን አልቆይም። መብላትን ከሁሉ አስቀድማለሁ።

ወር 4

አምሮት ሲመጣ እስከ መጨረሻው የሚጨምር ይመስላል። አይጨምርም። ካልነኩት ብዙ ጊዜ በ20 እና 30 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ነክቶ ይወርዳል። ሰዓት አይቼ በረዶ ላመጣ እወጣለሁ፣ ባልዲውን በእጄ እሞላለሁ። ቅዝቃዜው ቀልቤን ይመልስልኛል።

አደገኛው ሰዓት ግን ከመዝጊያ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ የመዝጊያ ልማዴን ቀየርኩ። ሒሳብ እንዳስረከብኩ ጫማዬን እቀይራለሁ፣ ጫማ ከቀየርኩ አልቀመጥም። በጓሮ በር ወጥቼ ሌላ ባር ከሚሠራና እንደኔ ካቆመ አንድ ወዳጄ ጋር በስልክ እያወራሁ ወደ ቤት እሄዳለሁ።

ይህን ስጀምር አንድ ታሪክ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል፣ መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት የሆነው ሰው፣ ለሥራ በሄደበት በአክሮን ኦሃዮ ጉዳዩ ከሸፈበት። ሆቴሉ ውስጥ በአንድ በኩል ባሩ፣ በሌላ በኩል ስልኩ። ወደ ስልኩ ሄደ። ያ ጥሪ ከሌላ ጠጪ ጋር፣ ከሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ጋር አገናኘው፤ አልኮሊክስ አኖኒመስ፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ማኅበር፣ የተጀመረው ከዚያ ነው። እኔ በየሌሊቱ ከባር ወጥቼ ስልክ ሳነሳ እሱን አስባለሁ።

ወር 8

እንቅልፌ ተመልሷል። ጠዋት እጄ አይንቀጠቀጥም። "ትንሽ ወይን ለልብ ጥሩ ነው" የሚል ደንበኛ ሲመጣ ድሮ አብሬ እስማማ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ባንኮኒ ላይ ስብከት አልጀምርም፣ ግን ከእንግዲህ አልስማማም። ዝም ብዬ እቀዳለሁ።

ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ፤ የመጠጥ አቅራቢዎች ቅምሻ። በሚቀጥለው ሳምንት 14 ዓይነት ጠርሙስ ይዘው ይመጣሉ። መትፋት ቢቻልም አፍ ውስጥ ከገባ ለእኔ ገባ ነው። ባልደረባዬ እየቀመሰ ሊነግረኝ፣ እኔ እያሸተትኩ ልጽፍ ተነጋግረናል። ማሽተቱም ከከበደኝ ወዲያው እንድወጣ ጫማዬን አስቀድሜ ቀይሬ ነው የምገባው። እንዴት እንደሆነ እጽፍላችኋለሁ።