ከአካፋው የሚንጠባጠብ ውኃ

ቆሻሻን በፕላዝማ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ እጅግ በጋለ ጋዝ፣ ወደሚነድ ጋዝ ለውጦ ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ጣቢያ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ውሏል። የሎደሩ ሹፌር በሬዲዮ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የዛሬው ቆሻሻ ከብዷል። ከአካፋው ውኃ እየተንጠባጠበ ነው።»

ሚዛኑ ደግሞ ደስ የሚል ቁጥር ያሳየኝ ነበር። «ግድ የለም ጋሼ፣ ይጫኑት። ከ5,000 ዲግሪ በላይ በሚግል ፕላዝማ ፊት ውኃ ምን አቅም አለው?» አልኳቸው።

አቅም አለው። አንድ ኪሎ ውኃ አሙቆ ለማትነን 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በአንድ ቶን ቆሻሻ ላይ 200 ኪሎ ውኃ ቢጨመር ወደ 140 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ለእንፋሎት ብቻ ይሄዳል። ጥቂት እንፋሎት ከካርቦን ጋር ተዋህዶ ሃይድሮጅን ስለሚሰጥ አይጠላም፤ የዚያን ሌሊቱ ግን ከልክ ያለፈ ነበር።

መጀመሪያ የጋዙ ሙቀት ወረደ፤ ቀጥሎ ጋዙን አንድዶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ሞተር መዋዠቅ ጀመረ። ፕላዝማውን የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ችቦ ኃይል ጨመርኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የምንፈጀው ኤሌክትሪክ ከምናመነጨው በለጠ። የቀለጠው ብርጭቆና ብረት በሚወርድበት አፍ ላይ ያለውን ካሜራ ስመለከት ደነገጥኩ። ሁልጊዜ እንደ ማር እየተሳበ የሚወርደው ቢጫ ፈሳሽ ቀላ፤ ወፈረ፤ በመጨረሻም አፉን እንደ ሰም ደፍኖ ቆመ።

አንድ ባልደረባዬ ዘንግ ይዞ ሊሰብረው ተነሳ። የፈረቃው ኃላፊ ክንዱን ይዛ አስቆመችው። ምድጃው ውስጥ ያለው ጋዝ በአብዛኛው ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ነው፤ የመጀመሪያው ሽታም ቀለምም ሳይኖረው ይገድላል፤ ሁለተኛው ከአየር ጋር ሲቀላቀል በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። እስከ ዛሬ የማመሰግናት ለዚያ እጅ ነው። አዲስ ቆሻሻ ማስገባት አቁመን፣ ምድጃው በችቦው ብቻ እንዲግል ትተን ጠበቅን። ፈሳሹ ዳግም የወረደው ሲነጋጋ ነው።

ወደ ቆሻሻው ጉድጓድ ወረድኩ። ሹፌሩ ምንም አልተናገሩኝም። አንድ ቁራጭ ካርቶን አንስተው በጓንታቸው ጨመቁት፤ ውኃው በጣቶቻቸው መሃል ፈሰሰ።

ከዚያ ወዲህ እርጥቡን ከደረቁ ሳንቀላቅል አናስገባም። ፈረቃ ስረከብም ሚዛኑን ከማየቴ በፊት በሬዲዮ የምጠራው እርሳቸውን ነው።