ሰኔ 30 በእኛ ቤት

ዛሬ ሰኔ 18 ነው። እንደወትሮዬ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሳሁ። የልጆቹን ምሳ ስቋጥር የሚጡ ምሳ ዕቃ ክዳን የለውም። በዚህ ዓመት ብቻ የጠፋ ሦስተኛ ክዳን ነው። አዲስ አልገዛም፤ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ፓስታውን በፌስታል ጥብቅ አድርጌ አስሬ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጥኩላት።

ሰኔ ሲገባ የትምህርት ዓመቱ ማለቁን ከካላንደር በፊት የምትነግረኝ ቤቴ ናት። የትልቁ ልጄ የዩኒፎርም ሱሪ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ወጥቷል። መስከረም ላይ ሲረዝምበት ሁለቴ አጥፌ የሰፋሁት ሱሪ ነው፤ አሁን የሚፈታ እጥፋት አልቀረውም። የሹራቡ ክርን ሳስቷል። ነጩ ሸሚዝ አርብ ማታ ታጥቦ እሁድ ማታም እርጥብ ነው። ሰኞ ጠዋት በካውያ ነው የማደርቀው፤ ያውም መብራት ካለ። ደረጃው ላይ ደግሞ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት የልጆች የጭቃ ጫማ ዳና ነው።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሰኔ ምን እንደሆነ ያውቃል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። በመጨረሻው ሳምንት ቆጠራ አለ። መጋዘን ገብተን እያንዳንዱን ዕቃ ገቢና ወጪው ከሚጻፍበት ከቢን ካርዱ ጋር እናመሳክራለን። ካዝናው ይቆጠራል። የባንክ ሂሳብ ይታረቃል። ያልተወራረደ ገንዘብ ያለበት ሰው ሁሉ ይፈለጋል። አንዲት ቁጥር ካልገጠመች ማንም ቤቱ አይገባም።

የልጆቼ ትምህርት ቤትም ካርድ የሚሰጠው ሰኔ 30 ነው።

አምና ያን ቀን መጋዘን ነበርኩ። አባታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የጅቡቲ መስመር ላይ ስለሚሠራ እሱም አልነበረም። ጎረቤቴ የራሷን ልጅ ካርድ ልትቀበል ስትሄድ የልጄንም ተቀበለችልኝ። ማታ ሁለት ሰዓት አልፎ ቤት ስገባ ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ነፋስ እንዳይወስደው ልጄ ብርጭቆ ጭኖበታል። 4ኛ ወጥቷል። እየጮህኩ አቅፌ ሳምኩት። ትንሽ ዝም አለና፣ «እማዬ፣ ስሜ ሲጠራ በሩን በሩን አይ ነበር» አለኝ።

ይህን ካለኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ከጆሮዬ አልወጣም።

ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ነው። ከተማ አቀፍ ፈተናውን ጨርሷል፤ አሁን ትምህርት ቤት የሚሄደው ለስሙ ነው። ሦስት ቀን ሄዶ ሁለት ቀን ቤት ይውላል። እነዚያ ሁለት ቀናት ክረምቱ ምን እንደሚመስል አሳዩኝ። ማክሰኞ ዕለት ቢሮ ቁጭ ብዬ የባንክ ሂሳብ ሳመሳክር ደወለ። «እማዬ፣ በረዶ እየጣለ ነው። መብራትም ሄደ። ልብሱን አስገብቻለሁ፤ መስኮቱንም ዘግቻለሁ።» ጎበዝ አልኩት። ድምፁ ግን የጎበዝ ድምፅ አልነበረም። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ብቻውን ነበር።

ማታ እስክሪብቶ ይዤ ቆጠርኩ። ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5። 65 ቀን፤ የመስከረሙ ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። የእኔ የዓመት ፈቃድ ይህን አይሸፍንም።

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ትምህርት እየመዘገበ ነው። ብዙ ወላጅ የሚያስመዘግበው ቤት ውስጥ ልጁን የሚይዝለት ሰው ስለሌለው ነው፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን አላስመዘግብም። ከመስከረም እስከ ሰኔ ሲጽፍ የኖረ እጅ ሌላ ነገር መያዝ አለበት ብዬ አምናለሁ። ስልክም አይደለም ያ ነገር።

ስለዚህ ሽሮ ሜዳ እናቴ ዘንድ ይሄዳሉ። እናቴ እስከ ዛሬ ጥጥ ትፈትላለች። ፈትሏን ሸማኔዎች እቤቷ ድረስ መጥተው ይወስዱላታል። ባለፈው ክረምት ሚጡ ቀኑን ሙሉ ከጎኗ አትነሳም ነበር። አንድ ቀን ስደርስ እንዝርቱን ይዛ አገኘኋት። ባዘቶውን በግራ እጇ ወደ ላይ ትስባለች፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሾራለች። ክሩ ይወፍራል፣ ይሳሳል፣ ብጥስ ይላል። ስድስቴ ተበጠሰባት። እንባዋ ሲመጣ እናቴ እጇን ያዘችና፣ «ቀስ በይ የኔ እናት፣ ጥጡ የትም አይሄድ» አለቻት። በሰባተኛው አንድ ክንድ የሚሆን ክር ወጣ። ያቺን ክር ልቃቂቱ ላይ አላጠነጠነችም፤ እጇ ላይ አስራ ነው ቤት የመጣችው። እስክትበጠስ ድረስ ገላዋን ስትታጠብ እንኳ አላወለቀቻትም።

ልጁ ደግሞ የሚያስበው ቡሄን ነው። እኛ ኮንዶሚኒየም ጅራፍ የሚያጮህበት ቦታ የለም። እናቴ ሰፈር ግን ልጆቹ ገና ሐምሌ ላይ ጅራፋቸውን መግመድ ይጀምራሉ። ነሐሴ 13 ሙልሙል የምትጋግር አያት፣ ሆያ ሆዬ የሚሉበት ደጅ፣ አብሮ የሚዞር ጓደኛ። ሚጡም በፍልሰታ «እስከ ስድስት ሰዓት እጾማለሁ» ብላለች። እናያለን። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እሄድና ትልቁን ይዤ በ6 ኪሎ ወደ 4 ኪሎ እንወርዳለን፤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የፈለገውን ያነባል። የሚያነበውን እኔ አልመርጥለትም።

እሁድ ከሰዓት ዝናቡ አላስወጣ ሲለን የዓመቱን ደብተሮች መሬት ላይ ዘረገፍናቸው። አሥራ ሁለት ናቸው። ግማሾቹ ከመሃል በኋላ ባዶ ናቸው። ባዶውን ቅጠል እየገነጠልን ደረደርን። በወፍራም መርፌና በድርብ ክር ጀርባውን ሰፋሁት። የአሮጌ ካላንደር ወረቀት ልባስ አደረግንለት። ልጁ ተቀበለኝና ማስመሪያ አመጣ። የመጀመሪያውን ገጽ በሦስት አምድ ከፈለው፤ ቀን፣ ዝናብ፣ የሠራሁት። እኔ ቤት ሥራ ይዤ ስመጣ መዝገብ ሳሰምር እያየኝ ኖሯል ለካ። የመጀመሪያውን መስመር እዚያው ሞላ። ሰኔ 15። ዝናብ፣ አለ። የሠራሁት፣ ደብተር ከእማዬ ጋር።

ትናንት አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ሌሊቱን ሳስበው ያደርኩትን ነው የተናገርኩት። «ሰኔ 30 ጠዋት የልጆቼን ካርድ መቀበል አለብኝ። የእኔን ድርሻ ቆጠራ 29 ማታ አምሽቼ እጨርሳለሁ።» ወረቀቱን አገላበጠ። «እስከ ስድስት ሰዓት ተመለሺ» አለ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ፤ ጉልበቴ ከዳኝ።

ማታ ለልጁ ነገርኩት። እያኘከ የነበረውን ዋጠ። «እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ።»

ምንም አላለም። ተነስቶ ወደ ጓዳ ሄደና ነጭ ሸሚዙን ይዞ መጣ።

«እንግዲያው አሁኑኑ ይታጠብ» አለኝ። «እስከ 30 ላይደርቅ ይችላል።»

አጠብኩት። አሁን ይህን ስጽፍ ሸሚዙ ከፊቴ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ተሰጥቷል። ውጭ አሁንም ይዘንባል። ኮሌታው ገና እርጥብ ነው።