ጌጅና ሴንሰር ሲጣሉ

ደሴ ላይ የማቀዝቀዣ ጥገና የምትሠሩ ይህን ታውቁታላችሁ። እጃችሁ ላይ ያለው ጌጅ (የጋዝ ግፊት መለኪያው) አንድ ቁጥር ያሳያል፣ ማሽኑ ላይ ከተገጠመው የግፊት ሴንሰር የሚያነበው ስክሪን ሌላ። ከዚያ «ሴንሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር» ይባላል።

ሰሞኑን ፒያሳ አካባቢ አንድ ሥጋ ቤት ለዚሁ ጉዳይ ተጠራሁ። ከእኔ በፊት የመጣው ልጅ አዲስ ሴንሰር እንዲገዙ ነግሯቸዋል። «አንተ ልጅ፣ ይቺ አውራ ጣት የምታክል ብረት ናት ይሄን ሁሉ ብር የምትጠይቀው?» አሉኝ የሥጋ ቤቱ ባለቤት። እውነታቸውን ነው።

ሴንሰሩን ፈትቼ አየር ላይ ያዝኩት። (መግጠሚያው ላይ ቫልቭ ስላለ ጋዙ አይወጣም። ሁሉም ማሽን ግን እንዲህ አይደለም፤ ሳታረጋግጡ እንዳትፈቱ።) ስክሪኑ ከዜሮ በታች 4 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ገደማ አሳየ። ልጁ ቢኖር «አላልኩም!» ይል ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው።

ነገሩ የከፍታ ነው። ጅቡቲ፣ ባሕሩ ዳር፣ የአየር ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚህ 11 ቢሆን ነው። ታሽጎ የሚሠራ ሴንሰር ዜሮ የሚለው የባሕር ወለሉን አየር ግፊት ነው፤ ጌጃችን ደግሞ የደሴን። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ልዩነቱ ወደ 3 ዝቅ ይላል።

ደግሞ ልክ የሆነው ሴንሰሩ ነው። ግፊቱን አይተን ጋዙ በስንት ዲግሪ እንደሚተን የምናነብበት የጋዝ ሰንጠረዥ የተሠራው ለባሕር ወለል ነው። አር 134ኤ የሚባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ሲተን ሰንጠረዡ 14.5 ገደማ ይላል፤ ደሴ ላይ ጌጁ ከ18 በላይ ያሳያል። ጌጁን ብቻ ያመነ ሰው 3 ዲግሪ ያህል ይስታል። የሥጋ ቤቱ ችግርማ የበሩ ላስቲክ ነበር፤ ተቀዶ ሙቀት ያስገባል።

እውነት የሚቀየር ሲሆን ደግሞ የመግጠሚያው ጥርስ ስለገጠመ ብቻ ሴንሰር አትግዙ። ሁለቱም ባለ ሦስት ሽቦ፣ ሁለቱም ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት የሚሰጡ ሆነው፣ አንዱ እስከ 150 ፒኤስአይ፣ ሌላው እስከ 500 ሊለካ ይችላል። የማሽኑ መቆጣጠሪያ ቦርድ የ150ውን እየጠበቀ የ500ውን ብትገጥሙለት 37 ፒኤስአይን 11 ብሎ ያነባል። «ጋዝ አንሷል» ብሎ ኮምፕሬሰሩን ሊያጠፋ ይችላል። ከዚያ አንዱ መጥቶ ጋዝ ይጨምርበታል፤ አለቀ!

ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ የአሮጌውን ፎቶ፣ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥርና ሶኬቱ እንዲታይ አድርጋችሁ፣ በቴሌግራም ላኩ። «ያው ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ጠይቁ።