ቅንቅኑ ዶሮዋ ላይ አይደለም፣ ቤቷ ውስጥ ነው

ዶሮ ከሚያረቡ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። «እንቁላል ቀነሱብኝ። መኖ አልቀየርኩም፣ ክትባትም አላመለጣቸውም። ምን ሆነው ነው?» እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ማታ ገብታችሁ አይታችኋል?

ቀን ላይ ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። ቀዩ ቅንቅን ቀኑን ሙሉ ስንጥቅ ውስጥ ተሸጉጦ ይውላል፤ ሲመሽ ይወጣና ቆጥ ላይ የተኛችውን ዶሮ ደሟን መጥጦ፣ ሲጠግብ ወደ ስንጥቁ ይመለሳል። ጠዋት ዶሮዋን ይዛችሁ ላባዋን ብትገልጡ ንጹሕ የምትመስለው ለዚህ ነው። ቅማል ቢሆን ቀንም እዚያው ላባዋ ሥር ይገኛል። (ከዶሮዋ ገላ የማይወርድ ሌላ ዓይነት ቅንቅንም አለ፣ እሱ ፊንጢጣዋ አካባቢ ያለውን ላባ ያጠቁረዋል። እዚህ የማወራው ስለ ቀዩ ነው።)

ስለዚህ ከመሸ በኋላ የስልካችሁን መብራት ይዛችሁ ግቡ። ቆጡ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ፣ እንጨትና እንጨት በሚስማር የተያያዘበትን፣ እንቁላል የሚጥሉበትን ሳጥን ጥግ ጥጉን እዩ። ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነገር ሲርመሰመስ ታያላችሁ፤ ያልበላው ግራጫ ነው፣ የበላው ቀይ። ከዚያ በነጭ ሶፍት የቆጡን የታችኛውን ክፍል ጠረግ አድርጉት። ሶፍቱ ላይ የደም ጭረት ከቀረ፣ አለ ማለት ነው።

ሌላም ምልክት አለው። ማታ ቤታቸው አልገባም ብለው ደጅ ያንገራግራሉ። አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል። እንቁላሉ ቅርፊት ላይ ጥቃቅን የደም ነጠብጣብ ይታያል። የታቀፈች ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ስትነሳ ሰው «እናትነት አታውቅም» ብሎ ለገበያ ያወጣታል፤ ምስኪኗን ግን ሌሊቱን ሙሉ ቅንቅን ሲበላት ነው ያደረው። ጫጩቶች ደግሞ ደማቸው አልቆ ሊሞቱ ይችላሉ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው ቅንቅን ሲያይ የሚሮጠው ወደ ሰብል ፀረ ተባይ ነው፤ በጥብጦ ዶሮዋን ይነክራታል ወይም ቤቱን ከነዶሮው ይረጫል። እባካችሁ ተዉት! መድኃኒቱ ወደ እንቁላሉ ይገባል፣ እንቁላሉን ደግሞ ልጆቻችን ናቸው የሚበሉት። በ2017 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስና ቤልጂየም ውስጥ ለምግብ እንስሳት የተከለከለው ፊፕሮኒል የተባለ ፀረ ተባይ ለዚሁ ቅንቅን የዶሮ ቤት ላይ ተረጭቶ፣ ሚሊዮኖች እንቁላል ከገበያ ተሰብስቦ ተወግዷል። መርጨት ግድ ከሆነም የእንስሳት ሐኪም ለዶሮ የተፈቀደውን ይምረጥላችሁ፣ እንቁላሉ ስንት ቀን እንደማይበላም ጠይቁት።

ዋናው ሥራ ግን ቤቱ ነው። ዶሮዎቹን አስወጡ። ጉዝጓዙን አንድም ሳታስቀሩ ጠርጋችሁ አቃጥሉት። ቆጡን ንቀሉት፣ የደረቀውን ኩስ ፋቁ፣ ከዚያ የፈላ ውሃ መጋጠሚያውና ስንጥቁ ውስጥ እስኪገባ አፍሱበት። ሲደርቅ ስንጥቁን በሲሚንቶ ወይም በጭቃ ድፈኑና ግድግዳውን ኖራ ቀቡት። ቆጡን ስትመልሱ ግድግዳ እንዳይነካ በራሱ እግር አቁሙት፣ እግሮቹን ዙሪያውን ግሪስ ቀቡ፤ ሊወጣ የሚሞክረው እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ለዶሮዎቹም ደረቅ አፈርና አመድ የሚታጠቡበት ሳጥን አዘጋጁላቸው።

አንዴ አጽድቶ መተው ግን ዋጋ የለውም። የተረፈው የቅንቅን እንቁላል ይፈለፈላል፣ ሙቀት ካገኘ በሳምንት ገደማ አድጎ እሱም ይጥላል። አዳማ ያለ ሰው ደብረ ብርሃን ካለው ይበልጥ መፍጠን አለበት። በሳምንቱ ድገሙት፣ ከዚያም በሳምንቱ። «ዶሮዎቹን ሸጬ ቤቱን ለወር ባዶ ባደርገውስ?» የሚሉም አሉ። ቅንቅን ሳይበላ ወራትን ይቆያል፣ እስከ ስምንት ወር ድረስ፣ ስለዚህ ባዶ ቤት ብቻውን አያጠፋውም።

አዲስ ቄብ ስትገዙ ከነባሮቹ ለይታችሁ አቆዩ። ከጎረቤት የተዋሳችሁትን የእንቁላል ትሪና ያገለገለ ኬጅም ግቢ ሳይገባ በፈላ ውሃ እጠቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በኩል ነው የሚመጣው።