ሳነቴ ላይ ሞተር ስለማጥፋት

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ሰንጥቆ ሳነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ዛፍ ስለሌለ ድምጽ የሚገታ ነገር የለም። ቀይ ቀበሮ ፍለጋ የሚወጣ ጎብኚ ግን ክላክስ አለመንካቱን እንጂ ቆሞ ሚኒሞ ላይ የሚያጉረመርመውን ናፍጣ መኪናውን ልብ አይልም።

ግዙፉ ፍልፈል ከጉድጓዱ በከፊል ብቅ ብሎ ዙሪያውን ሣር ይግጣል። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ወፍ እሱ ካገላበጠው አፈር ነፍሳት ትለቅማለች፤ አደጋ ስታይ ትጮኻለች፣ እሱም ጥልቅ ይላል። ቀበሮው ደግሞ ጆሮውን አቁሞ፣ ድርቅ ብሎ ይጠብቃል። ሞተሩ የሚገባው እዚህ መሃል ነው። የአካባቢው ጫጫታ በ3 ዴሲቤል (የድምጽ መጠን መለኪያ) ብቻ ሲጨምር፣ አንድ እንስሳ ደካማ ድምጽ ሊሰማበት የሚችለው ስፋት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ድምጹ ብቻውን ይበቃል ወይ ለሚል፣ መልሱ አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ ተገኝቷል። በ2012 ተመራማሪዎች መንገድ በሌለበት ሸንተረር ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ድምጽ ማጉያ ደርድረው የመኪና ድምጽ ሲያሰሙ የወፎቹ ቁጥር ከሩብ በላይ ቀነሰ። አስፋልትም መኪናም አልነበረም።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ማለዳ መሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ድምጽ ወደ መሬት ይታጠፍና ሩቅ ይጓዛል። ቀትር ላይ ወደ ሰማይ የሚበተነው ያው ሞተር በ12 ሰዓት ሜዳውን ያዳርሳል፤ ወፎች በብዛት የሚዘምሩትም ያኔ ነው።

ስለዚህ መኪናውን ነፋሱ ከእንስሳው ወደ እናንተ በሚነፍስበት በኩል አቁሙ፤ ድምጽም ጠረንም ይቀንሳል። ሞተር አጥፉ፣ በር አታላትሙ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ከቆመ ሞተር ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምጹ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ ከ25 ሜትር ወደ 50 መራቅ ትርፉ ይኸው ነው፤ ማጥፋት ግን ሁሉንም ያስቀራል። ወፍ ለመጥራት የራሷን ዜማ ከስልክ ማጫወት እኛ ጭራሽ አንደግፍም፤ ወፏ የሌለ ባላንጣ ስታባርር ምግቧን ትተዋለች።

ጫጫታውን በስልክ ለመለካት የምትሞክሩ ማይኩን በስፖንጅ ሸፍኑ። ያለዚያ የምትለኩት የሳነቴን ነፋስ ነው፤ ያም ሆኖ የስልክ ማይክ የሞተሩን ወፍራም ድምጽ አሳንሶ ያሳያል።