ዳማን የደም ዱካ ሳስተምር

ካቻምና ሚያዝያ ላይ የአጎቴን ጊደር ጅብ ነከሳት። አጎቴ የሚኖረው ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ፣ ከጣና ዳር ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። ያን ሌሊት እኔም እዚያው ነበርኩ። 8 ሰዓት ገደማ ውሾቹ ሲያብዱ ተነሣን። የበረቱ አጥር ተጥሷል፣ መሬቱ ላይ ደም አለ፣ ጊደሯ የለችም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መንደሩ በሙሉ ወጣ። ባትሪ ያለው ባትሪውን፣ ዱላ ያለው ዱላውን ይዞ እየጮኸ በየአቅጣጫው ሮጠ፣ እኔም ከፊት ከፊት ነበርኩ። የጮኽነው ጅቡ እንዲሸሽ ነው፤ ግን ጊደሯም ሸሸች። ደሙን ረጋገጥነው። ኮቴዋን በእኛ እግር አጠፋነው። ሲነጋ በየት በኩል እንደወጣች እንኳ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ደንገል ሊያጭዱ የወረዱ ሰዎች ሞታ አገኟት። ቦታው ከበረቱ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። የተነከሰችው የኋላ እግሯን ነው፣ ሆዷ ደህና ነበር። በጊዜ ብንደርስላት ትተርፍ ነበር። አጎቴ ቆዳዋን እንኳ ማየት አልፈለገም።

ያኔ ዳማ የአራት ወር ቡችላ ነበረች። የአገር ውሻ ናት፣ ቀይ ዳማ፣ ጆሮዋ አንዱ የቆመ አንዱ የታጠፈ። ከሰፈር ልጆች ነው የተቀበልኳት። ከጊደሯ በኋላ ስለዚህ ነገር ማንበብ ጀመርኩና ሌላው ዓለም ላይ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ሳውቅ ገረመኝ። አውሮፓ ውስጥ አዳኝ አጋዘን ተኩሶ ካቆሰለ በኋላ እንስሳው ጫካ ከገባበት፣ ዱካውን ተከትላ የምታገኝለት ውሻ ይጠራል። (አጋዘን ስል የእኛን ማለቴ አይደለም። የእኛ አጋዘን ቀንዱን አይጥልም፤ የእነሱ ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ ያበቅላል፣ ወገኑም ሌላ ነው።) ጀርመኖች ለዚህ ሥራ ብቻ ያራቧቸው የሃኖቨርና የባቫርያ የሚባሉ ዝርያዎች አሏቸው። ስዊድን ውስጥ ደግሞ እንደ አጋዘን ያለ ትልቅ እንስሳ የሚያድን ሰው እንስሳው ቢቆስልበት የሠለጠነ ውሻ ቢበዛ በ2 ሰዓት ውስጥ ቦታው ላይ ማድረስ እንዲችል ሕጉ ያስገድደዋል። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። የቆሰለ እንስሳ ጥሻ ውስጥ ሲሰቃይ እንዳያድር ሕግ አውጥተውለታል ማለት ነው።

እኔ አዳኝ አይደለሁም፣ መሆንም አልፈልግም። አገራችን ውስጥ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በአዋጅ የተከለከለ ነው፣ ጣና ዳር የቀረችውን ጥቂት ድኩላ በውሻ ማሳደድ ደግሞ ሕግ ባይኖርም ነውር ነው። ስለዚህ ዘዴውን ወሰድኩ፣ ሥራውን ግን ለከብት አደረግሁት። ጅብ የነከሰው፣ ገደል የገባ፣ ተጎድቶ የጠፋ ከብት ለመፈለግ።

መጀመሪያ ሁሉም የሚጠይቀኝ «ደሙን ከየት ታመጣለህ?» ብሎ ነው። ከቅርጫ። ለበዓል በሬ ሲታረድ ጆግ ይዤ እቀርባለሁ። ደሙ እንደወረደ በእንጨት ለጥቂት ደቂቃ ማማሰል ያስፈልጋል፣ ካልሆነ ይረጋል። ክር ክር የሚለው ነገር እንጨቱ ላይ ይጠመጠማል፣ የቀረውን አጥልዬ በሃይላንድ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ አስገባዋለሁ። መብራት ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ተበላሽቶብኛል። የበሰበሰ ደም ሽታው ሌላ ስለሆነ እሱን ደፍቶ እንደገና ከመጀመር ውጪ መላ የለውም። ሌላው ችግር ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ዝግ ስለሚሆን ለቅበላ ሳምንት ካላዘጋጀሁ እስከ ፋሲካ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ነው።

ደም ብዙ አያስፈልግም። ይህን ማወቄ በጣም ጠቅሞኛል። ጀርመን ውስጥ በሚሰጥ አንድ የታወቀ ፈተና ላይ ዱካው ቢያንስ 1000 ሜትር ይረዝማል፣ የሚፈቀደው ደም ግን ሩብ ሊትር ብቻ ነው። ዱካው ከተዘጋጀ 20 ሰዓት አልፎት፣ ሌሊቱን አድሮ ነው ውሻዋ የምትጀምረው። እኔ መጀመሪያ ላይ ግማሽ ሊትሩን 50 ሜትር ላይ ደፍቼው ነበር። እንዲህ ከሆነማ እኔም በዓይኔ አየዋለሁ፣ ውሻዋ ምን ትማራለች? አሁን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ስፖንጅ አስሬ፣ እየነከርኩ በየጥቂት እርምጃው መሬቱን ነካ አደርጋለሁ።

ደሙ ብቻውንም አይበቃም። የቆሰለ እንስሳ ደሙ መቶ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ሊቆም ይችላል፣ የእግሩ ሽታ ግን አይቆምም። አጋዘን በሰኮናው መሃል ሽታ የሚያመነጭ ዕጢ አለው፣ የእኛ በግም አላት። የተረገጠው ሣርና የተገለበጠው አፈር ራሱ ይሸታል። አውሮፓውያኑ ለልምምድ እውነተኛ ሰኮና ከሥሩ የሚገጠምበት ጫማ ይጠቀማሉ። እኔ በረባሶ ወስጄ፣ ከሥሩ የጥጃ ሰኮና በሽቦ አሰርኩበት። ስረግጥ ይወላግደኛል፣ ግን ሥራውን ይሠራል።

ገመዱ 10 ሜትር ነው። ማሰሪያውን ጫማ ሰፊ ጋ ሄጄ ከአሮጌ የቆዳ ቀበቶ በሰፊው አሠራሁ። እሱን የማስርላት ለዱካ ስንወጣ ብቻ ነው፣ ሌላ ጊዜ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይውላል። ዳማ አሁን ማሰሪያውን ከሚስማሩ ሳወርደው ስታይ ሰውነቷ ይለወጣል፣ መፈንጠዝ ትተዋለች፣ አፍንጫዋ መሬት ይወርዳል።

የጀመርነው በ20 ሜትር ቀጥ ያለ መስመር ነው። መጨረሻው ላይ የበሬ ቆዳ ቁራጭ አለ፣ ቆዳው ላይ የተቀቀለ ሳንባ። የተቀቀለ ያልኩት አውቄ ነው። ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መስጠት እኛ አገር የተለመደ ቢሆንም ከብቱ ውስጥ ያለው የውሃ ቋጠሮ የሚመስለው ትል ወደ ውሻዋ፣ ከውሻዋ ደግሞ ወደ ሰው የሚዞረው በዚህ መንገድ ነው። እባካችሁ ቀቅሉት። በጾም እንቁላል እቀቅልላታለሁ።

ከዚያ 50 ሜትር፣ ከዚያ አንድ መታጠፊያ፣ ከዚያ ሁለት። መጀመሪያ ዱካውን አዘጋጅቼ ወዲያው፣ ቀጥሎ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ቀጥሎ ማታ አዘጋጅቼ ጠዋት። በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጂ ከዚያ በላይ አላደርግም፣ ከበዛ ይሰለቻታል። ጠዋት 12 ሰዓት ጤዛው ሳይደርቅ ምርጡ ጊዜ ነው። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ከበረታ ሽታው ይሳሳል፣ ነፋሱም አለ፤ ጣና ዳር ቀን ቀን ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፣ ሌሊት ይገለበጣል፣ ስለዚህ ጠዋትና ከሰዓት ዳማ አንዱኑ መስመር በተለያየ ጎን ይዛ ነው የምትሄደው። ይህን እስክረዳ ድረስ ተሳስታለች እያልኩ ስንቴ መለስኳት መሰላችሁ።

ዋናው ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። ውሻዋን ማሽተት አላስተማርኳትም፣ ያንን ይዛው ነው የተወለደችው። ያስተማርኳት ከአንድ ዱካ ጋር መቆየትን ነው፤ ትኩስ የበግ መንጋ መስመሩን ቢያቋርጠው፣ ጦጣ ከዛፍ ቢወርድ፣ ድኩላ ከፊቷ ቢነሣ፣ መጀመሪያ የተሰጣትን እንዳትለቅ። ይህ አንድ ዓመት ፈጅቷል። ከእሷ የባሰ ጊዜ የፈጀው ግን የእኔ መማር ነው።

አንድ ቅዳሜ የእህቴ ልጅ በረባሶውን አድርጎ ዱካውን ብቻውን አዘጋጀ፣ እኔ መንገዱን አላውቅም። ግማሹ ድረስ ዳማ በደንብ ሄደች። ከዚያ ወደ ግራ ሳበችኝ። እኔ በቀኝ በኩል ድንጋይ ላይ ጠቆር ያለ ነገር አይቼ ደም ነው ብዬ ደመደምኩ። ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ሄደች፣ ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ጎተትኳት። በአራተኛው ተወችው፣ ቁጭ አለችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ልጁ ከኋላ መጣና «ጋሼ፣ እሷ ልክ ነበረች። አንተ ነህ የጎተትሃት» አለኝ። ጥቁሩ ነገር የዛገ ውሃ ምልክት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ዳማ በየመታጠፊያው ወደ እኔ እየዞረች ታይ ነበር፣ ልሂድ ወይስ ትጎትተኛለህ ብላ የምትጠይቅ ይመስላል። ያን እምነት ለመመለስ እንደገና ከ50 ሜትር ጀመርን።

አሁን ሥራዬ ገመዱን መያዝና ዝም ማለት ነው። ዱካው ላይ ስትሆን ጅራቷ ዝቅ ብሎ በእርጋታ ይወዛወዛል፣ ትንፋሿ ይሰማል። ስታጣው ራሷን ቀና ታደርጋለች። ያኔ እቆማለሁ፣ ክብ እየሠራች ራሷ እንድትፈልገው ገመድ እለቅላታለሁ። ካልሆነ መጨረሻ ደም ያየሁበት ቦታ ላይ ቀይ ጨርቅ ስላሰርኩ ወደዚያ እንመለሳለን።

ከአዳኞቹ ዘዴ አንድ ነገር ላይ ተለይቻለሁ። እነሱ ወዲያው አይከተሉም። ደሙን አይተው ይወስናሉ፤ ቀላ ያለ አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባ ነው፣ ጠቆር ካለ ጉበት ሊሆን ይችላል፣ አረንጓዴ ፈርስ ከተቀላቀለበት ሆድ ነውና ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስኪነጋ ይጠብቃሉ። ያልተባረረ ቁስለኛ በቅርብ ይተኛል፣ የተባረረ ግን አቅሙ እስኪያልቅ ይሄዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ነው። የእኛ ጊደር ያን ያህል የራቀችው እኛ ስላባረርናት ነው ብዬ አምናለሁ። ግን እኛ ጋ ጅቡ ይመለሳል፣ የደም ሽታውን እሱም ይከተላል፣ ስለዚህ እስኪነጋ መተኛት አይቻልም። የደረስኩበት ነገር ይህ ነው፦ ሦስት ሰው ብቻ ይውጣ፣ አንዱ ውሻዋን ይያዝ፣ አንዱ ባትሪ፣ አንዱ ዱላ። ጩኸት የለም። ሌላው ሰው በረቱ ጋ ይቆይ።

አጎቴ ይህን ስነግረው መጀመሪያ አልተቀበለኝም። «አንተ ልጅ፣ ውሻ እኮ ለደጅ ነው። ከብቴን ውሻ ይፈልግልኝ ብዬ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?» ነበር ያለኝ። አልፈረድኩበትም።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ነው። የጎረቤቱን ጥጃ ጅብ ነክሷት አጥር ዘላ ወጥታለች። የጓደኛዬን ሞተር ተውሼ፣ ዳማን ከፊቴ አስቀምጬ ስደርስ ሊነጋጋ ነበር። ሰዉ እንደዚያ ሌሊት ወጥቷል፣ ግን አልተበተነም። አጎቴ ዱላውን አግድሞ ከአጥሩ ፊት ቆሟል። ልጆቹን «ተዉ! አትርገጡት! ውሻዋ ትምጣ!» እያለ ይከለክላል። ደሙ ያለበት ቦታ ላይ ቅርጫት ደፍቶበታል።

ዳማ ማሰሪያዋን አደረገች፣ ደሙን አሸተተች፣ ሄደች። ወደ ሐይቁ ነው። ከጤፍ ማሳው ዳር ደሙ ጠፋ። እኔ ብቻዬን ብሆን በከብት መንገዱ ቀጥ ብዬ ነበር የምወርደው፣ እሷ ግን ወደ ጎን፣ ወደ አንድ ረግረግ ሳበችኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። ገመዱን ለቀቅ አደረግሁላት። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ደንገሉ መሃል ቆመችና ጅራቷ ቀጥ አለ።

ጥጃዋ ተኝታለች። ጆሮዋ ይንቀሳቀሳል።

ቁስሏን በባዶ እጅ ማንም እንዳይነካ አደረግን። ጅብ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ምራቁ ከነካን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ መታጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፣ ዳማም በየዓመቱ ትከተባለች። የእንስሳት ሐኪሙ ረፋድ ላይ መጣ፣ አጠበው፣ መርፌ ወጋት፣ ለሳምንታት እንድንከታተላት ነገረን። አሁን ትንሽ ታነክሳለች እንጂ ከእናቷ ጋር ትሰማራለች።

ባለፈው እሑድ ስሄድ አጎቴ ዳማ ስትወልድ ሴቷን ለእኔ ብሎ ያዘ። እሺ አልኩት፣ ግን ለልምምዱ የገና ቅርጫ ሰኮና እንዳትጥል አልኩት። በእጁ አጥሩን አሳየኝ። አራቱንም በሽቦ አስሮ ሰቅሏቸዋል።